የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሳር ማጨጃው ቺንጋ ለምን ይወጣል?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ተቀምጠው የሚነዱት ዓይነት ሳር ማጨጃ አለኝ። ባለሁለት ቢላ ሲሆን፣ ቢላዎቹን የሚያሽከረክረው የጎማ ቀበቶ፣ ማለትም ቺንጋው፣ ከሚዞርበት መንኮራኩር፣ ከፑሊው፣ ላይ እየወጣ ሥራ አስፈትቶኛል። ቺንጋው አርጅቶ ነው ብዬ በአዲስ ብለውጠውም አዲሱ ብዙ ሳይቆይ መውጣት ጀመረ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ቢላዎቹን ሳስነሳ፣ አለዚያም ከአጭር ሳር ወደ ረጅምና ጥቅጥቅ ወዳለ ሳር ስገባ ነው፤ ቢላዎቹ ባዶ ሲሽከረከሩ ግን ምንም አይሆንም። አውጥቼ ያስቀመጥኩትን አሮጌ ቺንጋ ስመለከተው አንደኛው ጎኑ ተበልቶ ክር አውጥቷል፤ ሌላው ጎኑ ደህና ነው። ሞላው አልተበጠሰም። ሦስተኛ ቺንጋ ከመግዛቴ በፊት የትኛውን ክፍል ልመርምር?

መልስ፦ አሮጌውን ቺንጋ ሳይጥሉ በማቆየትዎ መልካም አድርገዋል። ብዙ ሰው ቶሎ የሚጥለው እሱን ነው፤ ነገር ግን ማሽኑ ውስጥ ምን እንደተበላሸ ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው የአሮጌው ቺንጋ ገላ ነው። በእርስዎ ማሽን ላይ ጥፋቱ የቺንጋው እንዳልሆነ ከጻፉልን ዝርዝር በግልጽ ይታያል። ጤነኛ ቺንጋ ከፑሊ የሚወጣው ወይ ሲላላ፣ ወይ ወደ ፑሊው በሰያፍ ሲገባ፣ ወይም መንገዱ ላይ አንድ ነገር ገፍቶ ሲያወጣው ነውና፣ ከሦስቱ አንዱ እስካልታረመ ድረስ ሦስተኛውም ቺንጋ እንደ ሁለተኛው ይወጣል።

አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት። ይህ ቺንጋ ጀርባው ሰፊ፣ ሆዱ ጠባብ ነው፤ በፑሊው ቦይ ውስጥ ሲቀመጥም ኃይል የሚያስተላልፈው ሁለት ጎኖቹ ከቦዩ ግድግዳ ጋር በመጣበቃቸው እንጂ በሆዱ አይደለም። በአብዛኞቹ ማሽኖች ከሞተሩ ሥር ካለው ፑሊ ተነሥቶ፣ ቢላዎቹን የሸፈነው የላሜራ አካል፣ ማለትም ዴኩ፣ ላይ ያሉትን የቢላ ፑሊዎች ዞሮ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ባለበት የታሰረ መሪ ፑሊና በሞላ በሚሳብ ክንድ ላይ የተተከለ ወጣሪ ፑሊ ያገኛል። ቢላዎቹ ከጥቅጥቅ ሳር ጋር ሲጋጠሙ ሞተሩ ወደ ራሱ የሚስበው የቺንጋው ክፍል ይወጠራል፤ ከሞተሩ ወጥቶ የሚሄደው ክፍል ደግሞ በዚያው ቅጽበት ይላላል። ይህን ልል ክፍል ወዲያውኑ ሰብስቦ መያዝ የወጣሪው ክንድ ሥራ ነው። ክንዱ ከዘገየ ወይም በመካከል ከተያዘ ልሉ ቺንጋ ይወዛወዛል፣ ከቦዩ በላይ ይነሣል፣ ይወጣል። ቢላዎቹን በሚያስነሡበት ጊዜም የሚሆነው ይኸው ነው፤ የቆሙትን ከባድ ቢላዎች በአንዴ ለማስነሣት የሚያስፈልገው ጉልበት ድንገተኛ መላላትን ያስከትላል። ባዶ ሲሽከረከሩ ግን ጭነቱ ትንሽና ያልተለዋወጠ ስለሆነ የክንዱ ድክመት አይጋለጥም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምልክትዎ፣ ጭነት ሲመጣ መውጣቱ፣ ወደ ወጣሪው ያመለክታል። ሁለተኛው ምልክት፣ የአንድ ጎን ብቻ መበላት፣ ቺንጋው ወደ አንዱ ፑሊ በሰያፍ እንደሚገባ ወይም ከአንድ የማይንቀሳቀስ ብረት ጋር እየተፋተገ እንደሚዞር ይነግረናል። ሁለቱ የተለያዩ ብልሽቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይሁንና ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያመጣ አንድ ብልሽት ስላለ እኛ ቀድመን የምንጠረጥረው እሱን ነው፤ ይኸውም ክንዱ የሚዞርበት አጭር ዘንግ፣ ፔርኖው፣ እና በክንዱ ውስጥ ሆኖ ፔርኖውን የሚያቅፈው ቀለበት፣ ቡሹ፣ መበላት ነው። ፔርኖው ሲበላ ክንዱ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ክንዱ ሲያዘነብል በላዩ ያለው ፑሊም ያዘነብልና ቺንጋውን በሰያፍ ይቀበለዋል፤ ያዘነበለው ክንድ ደግሞ በፔርኖው ላይ እየተነከሰ እንደ ልቡ መመለስ ያቅተዋል።

ወደ ምርመራው ከመግባትዎ በፊት ማሽኑን በደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ቁልፉን ያውጡ፣ የካንዴላውንም ገመድ ነቅለው ከካንዴላው ያርቁት። ወፍራም ጓንት ያድርጉ። በተለይ አንድ ነገር እናሳስብዎ፦ ቺንጋው በቦታው እያለ አንዱን ፑሊ በእጅዎ ሲያዞሩ በሌላው ዘንግ ላይ ያለው ቢላም አብሮ ይዞራል፤ ስለዚህ አንድ እጅ ከላይ ፑሊ እያዞረ ሌላው እጅ ከዴኩ ሥር መሆን የለበትም። ከሥር ለመመልከት የግድ ከሆነም ማሽኑን በክሪክ ብቻ አንሥተው አይግቡ፤ በጽኑ መደገፊያ ላይ ያሳርፉት ወይም ዴኩን ፈትተው ያውጡት። ዴኩን ማውጣት ሥራው ከሚመስለው ያነሰ ነው፤ ምርመራውንም እጅግ ያቀለዋል።

ቺንጋው በሚቀጥለው ጊዜ ሲወጣ ቶሎ ብለው አይመልሱት። ሞተሩን አጥፍተው፣ መሸፈኛዎቹን ከፍተው፣ ከየትኛው ፑሊ እንደወጣና በየትኞቹ ላይ እንደቀረ ይመልከቱ፤ በስልክዎ ፎቶ ቢያነሡት ደግሞ ይመረጣል። የወጣበትን ፑሊ ብቻ ሳይሆን ቺንጋው ወደ እሱ የሚመጣበትን ፑሊም ይጠርጥሩ፤ በሰያፍ የሚልከው ያኛው ሊሆን ይችላልና። ከዚያ በመሸፈኛዎቹ ሥርና በክንዱ ዙሪያ የተጋገረውን ደረቅ ሳር በብሩሽና በአየር ያጽዱ። በኃይለኛ የውኃ ግፊት ማጠብ ውኃውን ወደ ኩሽኔታዎቹ፣ ማለትም ፑሊዎቹና ዘንጎቹ ወደሚዞሩባቸው ባለ ኳስ ቀለበቶች፣ ስለሚያስገባ አንመክርም። አንዳንድ ጊዜ መላው ችግር ክንዱ ሥር ተረግጦ የጠነከረ የሳር ጉዝጓዝ ሆኖ ይገኛል፤ ክንዱ እስከ መጨረሻው እንዳይሄድ የሚያግደው እሱ ነው።

አሁን ቺንጋውን አውጥተው ሞላውን ከክንዱ ያላቁ። ሞላው ተወጥሮ ስለሚቀመጥ ሲለቅ ይመታልና በፒንሳ አጥብቀው ይያዙት፤ ፊትዎንም ያርቁ። ሞላው የሌለበትን ክንድ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በእጅዎ ያንቀሳቅሱት። ያለምንም መነካከስ መሄድና መመለስ አለበት። ቀጥሎ የክንዱን ጫፍ፣ ፑሊው ያለበትን በኩል፣ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዙት፤ በዓይን የሚታይ መወዛወዝ ካለ ፔርኖውን ይፍቱና በጣትዎ ይዳስሱት። የተበላ ፔርኖ በአንድ ጎኑ ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ መስመር ይኖረዋል፤ ቡሹም ከክብነት ወጥቶ እንቁላል ቅርጽ ይይዛል። ሁለቱንም አንድ ላይ ይለውጡ፤ አዲስ ቡሽ በተበላ ፔርኖ ላይ ቢገባ ዕድሜው አጭር ነው። የግራሶ መግቢያ ካለው ግራሶ ይስጡት፤ ከሌለው ግን ቡሹ ያለ ቅባት የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል የማሽኑን መመሪያ ይከተሉ።

ሞላው «አልተበጠሰም» ማለትዎ ደህና ነው ለማለት አይበቃም። አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ጥምጥሞቹ እርስ በርሳቸው ተነካክተው መቀመጥ አለባቸው፤ ምንም ሳይሳብ በመካከላቸው ብርሃን የሚታይ ከሆነ ሞላው ተለጥጦ ቀርቷል። መንጠቆውንም ይመልከቱ፤ በክንዱ ቀዳዳ ላይ እየተፋተገ የቀጠነ መንጠቆ ውጥረቱን ይቀንሳል። እዚህ ላይ ደጋግመን የምናየውን አንድ አደገኛ አሠራር ማንሣት ግድ ይለናል። አንዳንዶች ቺንጋው እንዳይወጣ ሲሉ ሞላውን ያሳጥራሉ ወይም አዲስ ቀዳዳ በስተው ርቆ እንዲሳብ ያደርጋሉ። ይህ የቢላ ዘንጎቹን ኩሽኔታ ያለጊዜው ከመጨረሱም በላይ፣ ቢላዎቹ በእጅ ማንሻ በሚነሡባቸው ማሽኖች ላይ ቺንጋው በበቂ እንዳይላላ ስለሚያደርግ፣ ነጂው ቢላዎቹን አቁሜያለሁ ብሎ ሲወርድ ቢላዎቹ እየዞሩ ሊቀጥሉ ይችላሉ። ትክክለኛውን ሞላ ይግጠሙ እንጂ ይህን ፈጽሞ አያድርጉ።

ፑሊዎቹን አንድ በአንድ በእጅዎ ያሽከርክሩ። ደህና ኩሽኔታ ያለው ወጣሪ ፑሊ ድምፅ ሳያሰማ ይዞራል፤ አሸዋ የገባበት የሚመስል ድምፅ ወይም በጣት የሚሰማ ንዝረት ካለ መለወጥ አለበት። እየዞረ ሳለ ጠርዙን ከአንድ ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር እያነጻጸሩ ይመልከቱ፤ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚወላገድ ከሆነ ፑሊው ተጣሟል። ከላሜራ የተሠሩ ፑሊዎች የሚጣመሙት ብዙውን ጊዜ ቺንጋውን በካቻቢቴ እየፈነቀሉ ለማስገባት ሲሞከር ነው፤ የወጣሪውን ክንድ በመግፋት አላልቶ ማስገባት እየተቻለ ይህን ማድረግ ፑሊውንም ቺንጋውንም ይጎዳል። የቦዩን ወለል ደግሞ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ወለሉ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ከሆነ ቺንጋው በጎኖቹ ሳይሆን በሆዱ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ወይ ቦዩ ተበልቶ ሰፍቷል፣ ወይ የገባው ቺንጋ ጠባብ ነው።

የቢላ ዘንጎቹ በተለይ ሊጤኑ ይገባል። የቢላውን ጫፍ በጓንት ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዙ፤ የሚታይ መላወስ ካለ ኩሽኔታዎቹ አልቀዋል። በብዙ ማሽኖች የሚገኘው 6203 የተባለው ኩሽኔታ ሲሆን ውስጡ 17፣ ውጪው 40፣ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌሎች መጠኖችም ስላሉ ግን በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብበው ይግዙ። ከኩሽኔታው ይልቅ ከዓይን የሚሰወረው የዘንጉ ቤት አያያዝ ነው። ቤቱ ብዙውን ጊዜ ከአሉሚኒየም የተሠራ ሆኖ ከዴኩ ላሜራ ጋር የሚያያዘው ራሳቸው ጥርስ እያወጡ በሚገቡ ብሎኖች ነው፤ እነዚህ ብሎኖች ይላላሉ ወይም ጥርሳቸው ይጠፋል። የላላው ቤት ቺንጋው ወጥቶ ሳለ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቺንጋው ገብቶ ሲወጠር ብቻ ወደ ተሳበበት አቅጣጫ ያዘነብላል። ስለዚህ ቺንጋው በቦታው ተወጥሮ እያለ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በፑሊዎቹ ፊት ላይ አጋድመው የትኛው እንዳዘነበለ ይመልከቱ። በቤቱ ዙሪያ ያለው የዴኩ ላሜራ መሰንጠቁንም አይዘንጉ፤ የተሰነጠቀ ላሜራ ብሎን ቢጠብቅበትም አይይዝም።

አሮጌው ቺንጋ ላይ ያዩትን የተበላ ጎን የሚያስረዳ ሌላም ነገር አለ። በአብዛኞቹ ፑሊዎች አጠገብ ቺንጋው ሲላላ እንዳይወጣ የሚያግዱ ቀጫጭን ዘንጎች ወይም የተጠማዘዙ ላሜራዎች አሉ። እነዚህ ጠባቂዎች ከቺንጋው ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀው መቆም አለባቸው፤ በጣም ከራቁ አያግዱም፣ ከነኩት ይበሉታል። በመስመሩ ላይ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ እየዳሰሱ የተወለወለ የሚመስል ብሩህ ቦታ ያለበትን ይፈልጉ፤ ብረቱ የሚያበራበት ቦታ የቺንጋዎ ክር የወጣበት ቦታ ነው። አዲሱን ቺንጋ ሲያስገቡ በጠባቂው ውስጥ ማለፍ ሲገባው በውጪ አልፎ እንዳይሆንም ከመመሪያው ሥዕል ጋር ያመሳክሩ። ሥዕሉ በብዙ ማሽኖች ዴኩ ላይ ወይም ከመቀመጫው ሥር ተለጥፎ ይገኛል። ይህ ስሕተት ቺንጋ በተለወጠ ቁጥር የሚደጋገም ስለሆነ አዲሱ ቺንጋ ከአሮጌው ፈጥኖ የወጣበትን ምክንያት እዚህ ሊያገኙት ይችላሉ።

የዴኩ ሚዛን ደግሞ ባጭሩ፦ ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት፤ የፊቱ የቢላ ጫፍ ከኋላው በጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ እንዲል በብዙ መመሪያዎች ይታዘዛል። ትክክለኛው ልክ በእርስዎ መመሪያ የተጻፈው ነው። ዴኩን የሚያንጠለጥሉት ዘንጎችና ፔርኖዎች ከተበሉ ዴኩ ስለሚያጋድል ከሞተሩ ፑሊ የሚመጣው ቺንጋ በሰያፍ ይገባል። ይህ ሰያፍነት ዴኩ እስከ መጨረሻው ከፍ ሲል ሊብስ ይችላል፤ ስለዚህ በከፍታው ጫፍ ላይ ብቻ የሚወጣ ቺንጋ ካለ አስቀድመው ወደ ማንጠልጠያዎቹና ወደ ሞተሩ ፑሊ ይሂዱ፤ የሞተሩ ፑሊ ብሎን መላላቱንም ይፈትሹ።

ከጥገናው በኋላ ቢላዎቹን የሚያስነሡት ገና በአጭር ሳር ወይም ሳር በሌለበት ቦታ ላይ ይሁን። በኤሌክትሪክ ፍሪሲዮን፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ከቢላዎቹ ጋር በሚያገናኝና በሚያላቅቅ ክፍል፣ ለሚሠሩ ማሽኖች ሞተሩ ከሙሉ ፍጥነት ዝቅ ብሎ እያለ አስነሥቶ ከዚያ ፍጥነቱን መጨመር፣ በእጅ ማንሻ ለሚሠሩት ደግሞ ማንሻውን ሳይቸኩሉ መግፋት፣ ቺንጋውን ከድንገተኛ ንጥቂያ ያድነዋል። ረጅሙን ሳር በአንድ ጊዜ ከማሳጠር ከፍ አድርጎ አንድ ጊዜ፣ ዝቅ አድርጎ ሁለተኛ ጊዜ ማለፍ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የማጨጃዬ ቺንጋ ተበጥሶ ከመኪና ቺንጋዎች መካከል ስፋቱም ርዝመቱም ተመሳሳይ የሚመስል አገኘሁ። ብገጥመው ጉዳት አለው?

መልስ፦ ቢገባም አይበረክትም፤ ባይገጥሙት እንመርጣለን። የማጨጃ ቺንጋ በአንድ ዙር ውስጥ በሆዱም በጀርባውም ይታጠፋል፤ በመንገዱ ላይ ያለው ቦይ የሌለው ጠፍጣፋ ፑሊ የሚጫነው ጀርባውን ነውና። ቢላዎቹ በሚነሡበት ጊዜም ለጥቂት ጊዜ እየተንሸራተተ ኃይሉን ማስተላለፍ አለበት። ለዚህ ሲባል ብዙዎቹ ዙሪያቸውን በጨርቅ የተሸፈኑ ሲሆን፣ ጠንከር ያሉት ውስጣቸው ኬቭላር በሚባለው ዓይነት የማይለጠጥ ክር የተሞላ ነው። ለመኪና የተሠራው ቺንጋ ይህን ንጥቂያና ወደ ኋላ መታጠፍ እንዲችል ታስቦ ስላልተሠራ ቶሎ ይለጠጣል፣ ጎኑ ይቃጠላል፣ ከዚያም መውጣት ይጀምራል።

በርዝመቱም ይጠንቀቁ። አሮጌውን ቺንጋ ለክተው አዲስ መግዛት ያሳስታል፤ ያገለገለ ቺንጋ ተለጥጦ ስለሚረዝም በእሱ ልክ የተገዛው አዲስ ቺንጋ ገና ከመጀመሪያው ረጅም ይሆናል፤ ወጣሪውም የሚሄድበት ቦታ ሳይተርፈው ጫፍ ላይ ይደርሳል። በስፋትም ቢሆን 12.7 እና 16 ሚሊ ሜትር የሆኑት ሁለቱ የተለመዱ መጠኖች በዓይን ሲታዩ ይቀራረባሉ፤ ጠባቡ በሰፊ ቦይ ውስጥ ወለሉ ላይ ይቀመጥና ይንሸራተታል፣ ሰፊው በጠባብ ቦይ ላይ ከፍ ብሎ ይቀርና በትንሽ ንቅናቄ ይወጣል። በትክክል የተቀመጠ ቺንጋ ጀርባው ከፑሊው ጠርዝ ጋር እኩል ወይም በጥቂቱ ከፍ ያለ ነው። በመመሪያው ወይም በዴኩ ላይ የተጻፈውን የመለዋወጫ ቁጥር ይዞ መግዛት ከመለካት የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ቺንጋ አይወጣም፤ ግን ተገልብጦ አገኘዋለሁ። አስተካክዬ ብመልሰውም እንደገና ይገለበጣል።

መልስ፦ አንድ ጊዜ የተገለበጠ ቺንጋ ውስጡ ያለው ክር በአንድ ጎን ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከላይ ደህና ቢመስልም ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም። ለመፈተን አውጥተው በእጅዎ አንጠልጥሉት፤ ራሱን የሚጠመዝዝ ከሆነ ይጣሉት። አዲሱን ከማስገባትዎ በፊት ግን መጀመሪያ ያገለበጠውን ምክንያት ይፈልጉ፦ በቦይ ውስጥ የተጣበቀ ሳር ወይም እንጨት፣ ያዘነበለ ፑሊ፣ አለዚያም ቺንጋው ሲገባ ተጠማዝዞ መግባት። ቺንጋውን አስገብተው ሲጨርሱ የካንዴላው ገመድ እንደተነቀለ፣ ከዴኩ በላይ ያለውን የቢላ ፑሊ በእጅዎ ሁለት ሦስት ዙር አዙረው ጠባቡ ሆዱ በሁሉም ቦይ ውስጥ፣ ሰፊው ጀርባው በጠፍጣፋው ፑሊ ላይ ማረፉን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ቺንጋው ሲጮህ ዘይት ወይም ግራሶ ቢቀባ ይረዳል?

መልስ፦ አይረዳም። ዘይትና ግራሶ ጎማውን ያሳብጡታል፣ ቺንጋውንም ያንሸራትቱታል። እንዳይንሸራተት ተብለው የሚሸጡ ቅባቶችም ሳርና አቧራ ስለሚሰበስቡ ለማጨጃ አይሆኑም። የሚጮኸው ቺንጋ ወይ ላልቷል፣ ወይ ጎኑ ተቃጥሎ አብረቅርቋል፣ ወይም ከአንዱ ፑሊ ኩሽኔታ የሚወጣውን ድምፅ የቺንጋው መስሎ ሰምተውታል። ይህን ለመለየት ሞተሩን አጥፍተው፣ ቁልፉን አውጥተው፣ ቺንጋውን ፈትተው ፑሊዎቹን እያንዳንዳቸውን በእጅ ያዙሩ። ዘይት የፈሰሰበት ቺንጋ ካለ መጀመሪያ ዘይቱ የሚፈስበትን ቦታ ይድፈኑ፤ ፑሊዎቹን በሳሙና አጥበው በደንብ ካደረቁ በኋላ ቺንጋውን በአዲስ ይተኩ።